አንድ ሆድ፣ ሦስት ቅርጫ

ሐበሻ ሃምሳ አምስት ቀን ጾሜ ትሕትና ተማርኩ የሚለው ውሸቱን ነው! ሁዳዴን የሚጾመው፣ ለፋሲካ ቅርጫ ስም ሲመዘገብ ጎረቤቱን በክርኑ የሚደቁስበትን ጉልበት ለማጠራቀም ነው። አትሳቁ፤ እናንተም ያው ናችሁ… እኔን የሚስተካከለኝ ግን የለም።

ዘንድሮ ድሬዳዋ ላይ በሬ ጠፋ። አማቴ ደግሞ ከአዋሽ በባቡር ሊመጡ ነው። እሳቸውን ያለ ሥጋ ማስፈሰክ ማለት «ልጄን ለማን ሰጠኋት!» የሚለውን እንጉርጉሮ እስከ ዳግማዊ ትንሣኤ መስማት ነው። ስለዚህ በእኛ በባቡር ሠራተኞች ቅርጫ ላይ ተመዘገብኩ። አንድ በሬ ለአሥራ ሁለት ሰው፣ ተመዝጋቢው አርባ! በዕጣ ይሁን ተባለ። ዕጣና እኔ ደግሞ ተዋውቀን አናውቅም። ለጥንቃቄ የሚስቴ ወንድም የሚሠራበት ፋብሪካ ዕጣ ውስጥም ገባሁ። ለጥንቃቄው ጥንቃቄ ደግሞ ወደ ሰፈራችን ቅርጫ ሰብሳቢ፣ ወደ አቶ በላይነህ ቤት ሮጥኩ።

የቀረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጎረቤቴ ተክሌ፣ የአራት ልጆች አባት፣ በሩ ላይ ቆሟል።

«ጋሼ፣ እኔ ቀድሜያለሁ» አለኝ።

«ጃንሆይ ይሙት፣ ከዚህ ሌላ ተስፋ የለኝም!»

«እንግዲያው… ይሁንልዎ።»

ነውር መሆኑ ገብቶኛል። ስሜን ግን አስጻፍኩ።

የፋሲካ ጠዋት ሦስት መደብ ሥጋ በየተራ ደጄ ደረሰ! ዕድሜ ልኳን ስትሸሸኝ የኖረች ዕጣ ባንድ በዓል ሁለቴ ወጣችልኝ። ሚስቴ ሥጋውን አየች፣ ፀሐዩን አየች፣ እኔን አየች።

«ይኼን ሁሉ? በድሬዳዋ ሙቀት?»

ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት ማለት ይኼኔ ነው! ቋንጣ አድርገው እንዳትሉኝ፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ሞልቶ፣ የሰፈሩ ድመት ሁሉ እንደተጠራ እንግዳ ከሥሩ ተቀምጧል። አማቴም የቻሉትን ያህል ታገሉ፤ ግን እሳቸውም ሰው ናቸው። ትርፉን እንዲወስድልኝ መጋላ ሰፈር ወዳለው ወዳጄ ወደ ሐጂ ዩሱፍ ሮጥኩ።

«ወላሂ አሳዘንከኝ! የእናንተን እርድ ግን እኛ አንበላም። ቁጭ በል፣ ሻይ ጠጣ።»

ሥጋው ቤት ውስጥ እየሞቀው፣ እኔ ሻይ!

ሥጋ ያላገኘ ክርስቲያን ካለ፣ እኔ ገፍቼ ያስቀረሁት ነው። ሌላ ምን አማራጭ አለኝ? አንዱን መደብ እንዳለ በሰፌድ ተሸክሜ ተክሌ ደጅ ቆምኩ። «እባክህ ውሰድልኝ» እያልኩ ስለምነው አስቡት! ያንን ቦታ የቀማሁት ሰውዬ እኔ! ልጆቹ በእልልታ ተቀበሉኝ፤ እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ተክሌ ሰፌዱን ተቀበለኝና ፈገግ አለ።

«ጋሼ፣ ለገናም እንዳይሰንፉብን። እርስዎ ከተጋፉልን፣ እኛ ምን አደከመን?»