ገለባ ያጠበ ገበሬ

ዘመኑ ሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነው። ወሩ ኅዳር፤ ቀኑ ብራ፣ ጠዋቱ ውርጭ። ገብሳችን ደርቆ አውድማ ላይ ወርዷል።

በእኛ በላስታ ሰውን ክፉኛ መንቀፍ የፈለገ «ገለባ» ይለዋል። ፍሬ የለውም፤ ነፋስ ይወስደዋል፣ በሬ ይበላዋል፣ የቀረውም ከጭቃ ተቦክቶ ግድግዳ ይሆናል። ታዲያ እናንተ ብትሆኑ፣ ልጃችሁ ሃያ ዓመት ሙሉ ተምራ «አባባ፣ የማጠናው ገለባ ነው» ብትላችሁ ምን ትላላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። ድሮም ወሬ አልወድም። አንድ ቀን ብቻ «ልጄ ዶክተር ሆነች» የሚል ቃል አመለጠኝና አገሩ ሁሉ ወገቡን ይዞ መጣ። «የሰው ሐኪም አይደለችም» ብላቸው ደግሞ ላማቸውን እየነዱ መጡ።

ልጄ ጥሩዬ ኬሚስት ናት። ምርምሯ የባትሪ ሆድ ውስጥ ስለሚገባው ነገር ነው። «ፀሐይ ቀን ቀን ትሰጠናለች፤ የሰጠችንን የምናኖርበት ጎተራ ግን የለንም። እኔ የምሠራው ጎተራውን ነው» አለችኝ። የገብስ ገለባ አየር በማይገባበት ምድጃ ታከስላለች፤ ከሰሉም ኤሌክትሪኩን ያከማቻል። ይኼ ገባኝ። ጎተራማ አውቃለሁ።

አምና ከአውድማዬ አንድ ጆንያ ገለባ ላክሁላት። ከእሱ የሠራችው ባትሪ ከሌላው ሁሉ በልጦ ተገኘ። ዘንድሮ ግን ከየአገሩ ገለባ ሰብስባ፣ ከጎረቤቴ ማሳ ሳይቀር አስመጥታ ብትሞክር፣ ያ ውጤት አልደገምም አለ። በእነሱ ሙያ አንዴ ታይቶ ያልተደገመ ነገር እንደ ሐሰት ይቆጠራል። አለቆቿ ፊታቸውን አጠቆሩባት። የልጄ ስም ሊጠፋ ሆነ።

ለዚህ ነው ሐሙስ ዕለት የመጣችው። አፈሩን በላስቲክ ቋጠረች፤ ዘሩን ጠየቀች፤ ፍጉን ሳይቀር አሸተተች።

«አባባ፣ ያን ገለባ ምን አደረጉት?»

«ምን አደርገዋለሁ? ገለባ ነው።»

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ዝንቡስ አልገባም። እውነቱም ግን አልወጣም።

ለእናንተ ልንገራችሁ። ልጄ ከተማሩ ሰዎች መካከል ተቀምጣ፣ «ከአባቷ ቤት አቧራና እብቅ ተላከላት» ሲባል ታየኝ። ሰው ለልጁ ያደፈ ነገር ይልካል? ጆንያውን ተሸክሜ ሰው በሌለበት ቀን ወንዝ ወረድኩ። የጥምቀት ልብስ እንደሚታጠበው፣ እንዶድ ወቅጬ፣ ከጠዋት እስከ ቀትር ዘፍዝፌ፣ እስኪነጣ ረግጬ አጠብኩት። ይኼ ለማን ይነገራል?

ዓርብ ስንወቃ አውድማው ዳር ተቀምጣ አየኋት። አታለቅስም፤ የእኔ ልጅ ናት። ጣቶቿን ግን ታፍተለትል ነበር። በሬዎቹን አቆምኩ።

«አጥቤው ነበር።»

«ምኑን?»

«ገለባውን። በእንዶድ።»

ነዶው ላይ በጀርባዋ ወድቃ ሳቀች። እናቷ «ልጄን ምን አገኛት!» እያለች ከቤት ሮጣ ወጣች።

«አባባ! እንዶዱ ምን ያህል ነበር?»

«የሚበቃውን ያህል።»

«የሚበቃውን ያህል ተብሎማ አይጻፍም! እያየሁ ይድገሙልኝ።»

የምትመለሰው እሑድ ነው። የቀረን ቅዳሜ ብቻ። ቅዳሜ ደግሞ የላሊበላ ገበያ ነውና የቀዬው ሰው ሁሉ ያን ወንዝ ይሻገራል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳላስቀልድበት የኖርኩትን ፊቴን አሰብኩ። የእሷን ስም አሰብኩ። ብዙ አልፈጀብኝም።

ጠዋት ሁለት ጆንያ በአህያ ጭኜ ወረድኩ፤ ሱሪዬን ሰብስቤ ውኃው ውስጥ ገባሁ። ጥሩዬ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የእንዶዱን እፍኝ ትቆጥራለች፣ ሰዓቷን ታያለች፣ ትጽፋለች። የደብራችን መምሬ በቅሏቸው ላይ እንደተቀመጡ ቆሙ።

«አያ ደስታ፣ ምን ሆነው ነው?»

«ደኅና ነኝ፣ አባቴ። ገለባ እያጠብኩ ነው።»

«ለማን?»

«ለልጄ።»

አማተቡ። ከኋላቸው ያለው ገበያተኛ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ይኼን እናቷ እስካሁን አታምንም። ስቄም ሁለተኛውን ጆንያ ፈታሁ።