የዋጋ ጠላትና የሐሞት ጠጠር

በየትኛውም ገበያ የተጠራለትን ዋጋ እንደ ስድብ የሚቆጥር ሰው አይጠፋም። የመርሳ ከተማው ግን የሁሉም አለቃ ናቸው፤ ክቡር ጋሽ አብዱልሐሊም፣ የከብት ደላላ፣ የዋጋ ጠላት። ሚኒባስ ሲሳፈሩ «መስኮቱ አይከፈትም፣ ቀንስ!» ይላሉ። የሚከፈት ሲያገኙ ደግሞ «ነፋስ ያስገባል፣ ቀንስ!» ባለቤታቸው ሀጂራ አብራቸው ገበያ መውጣት ከተወች ቆይታለች። ታፍራለቻ!

ይችኑ ሀጂራን የሐሞት ጠጠር ያዛት። ሲነሳባት ጎኗን ይዛ ትንከባለላለች። የመርሳው ሐኪም «ኦፕራሲዮን ነው፤ ባይዘገይ ይሻላል» አላት። ጋሽ አብዱልሐሊም ደነገጡ። ሲደነግጡ ደግሞ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋ መከራከር። ወልድያ ይዘዋት ሄደው አንድ የግል ሆስፒታል ገቡ።

«ስልሳ ሺህ ብር» አለች የሒሳብ ሠራተኛዋ።

«ጠጠሩ በፍሬ ነው ወይስ በጅምላ?»

«ጠቅላላ ነው አባቴ፤ አልጋውም ማደንዘዣውም አለበት።»

«አልጋውን ተይው፣ ቤቷ ትተኛለች። ማደንዘዣውንም በግማሽ አድርጉት፤ ሀጂራ ጠንካራ ናት።»

ሀጂራ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ የከብት ገበያውን ጥበብ አመጡት። ገዢ ዋጋ ሲወደድበት ፊቱን አዙሮ ይሄዳል፤ ሻጭ «ና እንጂ፣ ተመለስ!» ብሎ ይጠራዋል። ጋሽም ሀጂራን ክንዷን ይዘው ቀስ እያሉ ወጡ። በሩ ላይ ቆመው የጫማቸውን ክር ፈተው አሰሩ። የጠራቸው የለም። አስፋልቱን ተሻግረው ዞር አሉ። ማን ይጥራ! «ነገ ይጠሩናል» እያሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመርሳ ወልድያ አመላለሷት፤ እሷ በየመንገዱ ዳር ጎኗን ይዛ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ያለቻቸውን አንዲት የምትታለብ ላም ሸጠው ሊከፍሉ ሲነሱ መረራት።

«አንቱ ሰውዬ፣ በየዓመቱ የምናዋጣበት የጤና መድህን ደብተር ለምን ሆነ? ሪፈር ላጽፍና መንግሥት ሆስፒታል ልግባ።»

«በነጻ? ወላሂ ሀጂራ፣ በነጻ የሚሰጥ በሬ አይቼ አላውቅም። የሚሰጥ ካለም ታሟል።»

«እኔ በሬ አይደለሁም! ላሟን ሽጠው እኔ ብድን ልጆቹ ምን ሊጠጡ ነው?»

ሪፈሩን ራሷ አጽፋ ወልድያ ወረፋ ያዘች። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ደብተሩን አይታ «በመድህን ነው፣ ምንም አይከፍሉም» ስትላቸው ጋሽ ከአፋቸው አመለጣቸው፤ «በዛ፣ ትንሽ ቀንሺ እንጂ!»

ቀኑ ደርሶ ሀጂራ ኦፕራሲዮን ክፍል ገባች። ጋሽ በሩ ላይ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» እያሉ ሲንቆራጠጡ አንዲት ነርስ ከውጭ የሚገዛ መድኃኒት ጽፋ ሰጠቻቸው። ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ያለው ግርማ የመርሳ ልጅ ነው፤ ያውቃቸዋል። ስለሚያውቃቸውም ገና ከሩቅ ሲያያቸው በዋጋው ላይ ሦስት መቶ ብር ይጨምራል፤ ተከራክረው የሚያወርዱት እንዳያጡ።

«አንድ ሺህ ስምንት መቶ» አለና ለክርክሩ ወንበር ሳበ።

ጋሽ ብሩን ቆጥረው ወረወሩለት፤ መድኃኒቱን ይዘው በረሩ።

ግርማ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ዋለ። ማታ በጠያቂ ሰዓት ሦስት መቶውን ይዞ መጣ። ሀጂራ ነቅታለች፤ ጋሽ ራስጌዋ ተቀምጠዋል።

«እትዬ ሀጂራ፣ እንኳን አተረፈዎት። ጋሼ ግን ደህና ናቸው? ያልኳቸውን ከፍለው ሄዱ።»

«ሳይከራከሩ?»

«ቃል ሳይተነፍሱ!»

ሀጂራ ክው አለች። «ሐኪሙ ምን አላችሁ? ልሞት ነው እንዴ? አትደብቁኝ!»

«ኧረ አልሐምዱሊላህ፣ ጠጠሩ ወጥቷል» አሉ ጋሽ መሬት መሬት እያዩ። «ብቻ አንቺ እዚያ ውስጥ ሆነሽ... ምላሴ አልታዘዝ አለኝ።»

ሠላሳ ዓመት አብረው ሲኖሩ እወድሻለሁ ብለዋት አያውቁም። እንባዋ መጣ፤ ግን ፍርሃቱም አልለቀቃትም። የማይከራከር አብዱልሐሊም አይታ አታውቅም።

ግርማ «የጨመርኩብዎት ነው» ብሎ ሦስት መቶውን ብር ዘረጋላቸው። ጋሽ ተቀብለው ቆጠሩትና ቀና ብለው አዩት።

«አራት መቶ አድርገው እንጂ!»

ሀጂራ ስፌቷን በእጇ ደግፋ ሳቀች። አሁን መዳኗን አመነች።