በነፃ የታደሰው ኮምፒውተሬና የኔታ

ሰው ሁሉ ገንዘብ የሚያወጣበትን ነገር አገላብጦ ያያል። ቲማቲም ሲገዛ እንኳ አንድ በአንድ እየጨበጠ ነው። በነፃ የተባለ ነገር ሲመጣ ግን ያ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ! የተሰጠውን ቆሞ የሚመረምር ማን ነው? እኔማ አልመረመርኩም።

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ኮምፒውተሬ አንድ ነበር፤ እሱም ሲነሳ እንደ ወፍጮ ያጓራል። ጠዋት አብርቼው ቁርሴን በልቼ ስመለስ ገና እየተነሳ ነው። ያም ሆኖ እወደው ነበር። ከሱ ጋር ስንት ማመልከቻ ጽፈናል፣ ስንት ባልና ሚስት አስማምተናል፣ ጥቂትም አፋትተናል።

በዚያ ዓመት መሪጌታ ይትባረክ የሚባሉ የቅኔ መምህር ከአምበር እየመጡ ያስጽፉኝ ነበር። ያለፉት መምህራን የተቀኟቸውን ቅኔዎች ከነባለቤቶቻቸው ስም በቃላቸው ይዘዋል፤ ከሳቸው ሌላ የሚያውቃቸው የለም፣ የትም አልተጻፉም። ለኅዳር ሚካኤል ንግሥ በመጽሐፍ እንዲታተሙ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። እንዲያውም አንድ ቀን፣ የኔታ፣ እርስዎ ሰባ አልፎዎታል፣ ጭንቅላት ይረሳል፣ ኮምፒውተር ግን አይረሳም ብያቸዋለሁ። አሁን ሳስበው ያን ቀን ምላሴን ነክሼ ዝም ባልኩ ኖሮ እላለሁ። እሳቸው ፈገግ ብለው ጋቢያቸውን አስተካከሉና ማስጻፋቸውን ቀጠሉ። ስልሳ ገጽ ሞላን።

ንግሡ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከስክሪኑ ጥግ አዲሱን ሲስተም በነፃ ውሰድ የሚል መልእክት ብቅ አለ። በነፃ! ለዚያውም ለእኔ አሮጌ! እጄ ከሐሳቤ ቀድሞ ተጫነው። መሀል ላይ ኮምፒውተሩ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ፤ የድሮውን ይዤ ልለፍ ወይስ ሁሉን ጠርጌ እንደ አዲስ ልጀምር? ሙሽራ ሊያስገባ ቤቱን የሚያጸዳ ሰው ጥግ ላይ ቡትቶ ይተዋል? ጥረግ አልኩት። ደግሞ ሞኝ አይደለሁም፤ የየኔታን ጽሑፍ አስቀድሜ በፍላሽ ገልብጫለሁ።

በማግሥቱ ኮምፒውተሩ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ተነሳ። የኔታ ሲመጡ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ላሳያቸው ፍላሹን ከፈትኩ። ስልሳውም ገጽ የፈረንጅ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ሆኖ ቁጭ ብሏል። ለካስ ስጽፍበት የኖርኩት የድሮው የግዕዝ ፊደል ፕሮግራም ከተጠረገው ጋር አብሮ ወጥቷል! አዲሱ ሲስተም የራሱ ፊደል አለው፤ በድሮው የተጻፈውን ግን አያነብም። ፊደሉን የጫነልኝ ወዳጄ ዛሬ ደጀን ነው የሚኖረው። ብደውልለት ፊደሉ ያለበትን ሲዲ ፈልጌ በአውቶቡስ እልካለሁ አለ። መቼ? ሲገኝ።

የኔታ መነጽራቸውን አውጥተው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና፣ ይህ ደግሞ የየት አገር ቅኔ ነው አሉኝ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። የቅኔ መምህር ርግማን ቀላል እንዳይመስላችሁ፤ አንገቴን ሰብሬ ጠበቅሁት። እሳቸው ግን ጋቢያቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ፣ በል ልጄ፣ አትተክዝ፣ ጻፍ አሉና ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ።

አራት ቀን ሙሉ፣ አንድ ቅዳጅ ወረቀት ሳያዩ! ዓይናቸውን ጨፍነው ያዜሙታል፣ እኔ እጽፋለሁ። ማፈሬን አልደብቅም፤ ግን እንደዚያ አራት ቀን ደስ ብሎኝ የሠራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። ፎቶ ኮፒ ሊያስነሳ የመጣው ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ቆሞ ያዳምጥ ነበር።

የመጨረሻውን ገጽ በጨረስንበት ቀን ሲዲው ከደጀን ደረሰ። የድሮው ጽሑፍ ተመልሶ ተነበበ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ፊደል በፊደል አስተያየሁ። አንድ ናቸው! አርባኛው ገጽ ላይ ግን በአዲሱ ያለ የአንድ መምህር ስም በድሮው የለም። ስህተት አገኘሁባቸው ብዬ፣ የኔታ፣ እዚህ ጋ ጨምረዋል አልኩ። አልጨመርኩም፣ ያን ዕለት አንተ ደንበኛ ልታስተናግድ ተነስተህ ስትመለስ ዘለልከው አሉኝ። ሰዓቱን ሳይቀር ነገሩኝ።

መጽሐፉ ለሚካኤል ደረሰ። የኔታም መርቀውኝ ሲያበቁ እንዲህ አሉ፤ እኔ ሟች ነኝ፣ ስጋትህ እውነት ነው። ያንተን ኮምፒውተር ደግሞ አየሁት። ስለዚህ ሌላ መያዣ ያስፈልጋል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አምበር ና፣ በቃልህ ያዘው። ክፍያ የለውም።

ይኸው በአርባ አራት ዓመቴ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እሳቸው ፊት ቁጭ ብዬ አዜማለሁ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደርሻለሁ። ባለፈው አንዱን ቅኔ ለአራተኛ ጊዜ ስሳሳት የኔታ፣ ለመሆኑ ያ በነፃ የሚጫነው ነገር ለሰውም ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይሆናል ብላቸው ጠርገው እንደ አዲስ ይጀምሩኛል ብዬ ፈርቼ ቅኔውን ለአምስተኛ ጊዜ ጀመርኩ።