የላላው ላስቲክ

ሰው ማርጀቱን የሚነግረው መስታወት ነው የሚሉ ሰዎች መርካቶ ውለው አያውቁም። መስታወት ይሉኝታ አለው፤ ቀስ እያለ ነው የሚነግራችሁ። መርካቶ ግን ፊት ለፊት ነው። ትናንት «ወንድሜ፣ ግባና እይ» ሲላችሁ የነበረው ነጋዴ አንድ ቀን ሳያማክራችሁ «ጋሼ» ይላችኋል። «ጋሼ»ን በቅጡ ሳትለምዱት ደግሞ ቦንዳ የተሸከመ ወዛደር ከኋላችሁ ይመጣና «ፋዘር፣ መንገድ!» ብሎ ከግድግዳ ጋር ያጣብቃችኋል። እኔ ፋዘር የሆንኩት አትክልት ተራ ሽንኩርት ስመርጥ ነው። ዓይኔ እንባ ያቀረረው በሽንኩርቱ ነው ብዬ ለሚስቴ ነግሬያታለሁ፤ እሷም ያመነች መስላ አልፋኛለች።

ፀጉሬን፣ ጉልበቴን፣ ሁለት መንጋጋዬን ያለ ብዙ ክርክር አስረክቤያለሁ። ድምፄን ግን አልሰጥም ብዬ ነበር። በወጣትነቴ የቀበሌያችን ኪነት ድምፃዊ ነበርኩ። ድምፄ ቀጭን ነው፤ ሽቅብ ሲወጣ ማቆሚያ የለውም። ሌሎቹ እንደ ሰው ይዘፍናሉ፣ እኔ ከጣሪያው በላይ እሄዳለሁ። ዘመኑ ሲለወጥ ኪነቱም ተበተነ፤ እኔም ቁልፍ፣ ዚፕና ክር ወደምሸጥባት ጠባብ ሱቄ ገባሁ። ድምፄ ግን የትም አይሄድም፣ የጠራሁት ቀን ይመጣል እያልኩ እጽናና ነበር።

የሚጠራበት ቀን መጣ። የጠራችው ሰላም ናት። ሰላም ብርድ ልብስ የሚሸጠው ጎረቤቴ የወልዴ ልጅ ናት፤ ወልዴ ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ ወዳጄ ነው። አባቷ እናቷን አልማዝን ሲያገባ ዜማውንም ግጥሙንም ራሴ አውጥቼ በሰርጋቸው ዘፍኜ ነበር። አልማዝ ካረፈች ዓመታት አልፈዋል። ሰላም ልታገባ ቀን ቆርጣ ሳለ ሱቄ መጥታ የዚፕ ካርቶን ላይ ተቀመጠችና አንድ ካሴት ሰጠችኝ። የዚያን ቀን አንዱ እንግዳ የቀዳው ነው።

«ጋሼ፣ ለእማዬ የዘፈኑላትን ለእኔም ይዝፈኑልኝ» አለችኝ። «እኛ ቤት ማጫወቻ የለም፣ ሰምቼው አላውቅም።»

እናቷን ላጣች የወዳጅ ልጅ እምቢ የሚል አንደበት ካላችሁ እናንተ ከእኔ ትጠነክራላችሁ። እሺ አልኩ።

ያን ጊዜ ካሴት ተረስቷል። በየደጃፉ ዘፈን ሚሞሪ ካርድ ላይ እየተጫነ ይቸበቸባል። እኔ ግን አሮጌ ቴፔን ከላይኛው መደርደሪያ አወረድኩና በምሳ ሰዓት የሱቄን በር ገርበብ አድርጌ ከፈትኩት። ድምፄ መጣ። ፈራ ተባ እያልኩ አብሬው ጀመርኩ። ታምኑኛላችሁ? ገጠመ። አዝማቹ ላይ ሽቅብ የምትወጣው፣ የምፈራት ቦታ ስትደርስ ሳይቀር እኩል ወጣን። ያኔም እንዲህ ረጋ ብዬ ነበር ለካ የምዘፍነው ብዬ ለራሴ አክብሮት አደረብኝ።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን መሆን አልናገርም ብል ደስ ይለኝ ነበር። አረማመዴ ተለወጠ። ቁልፍ ሊገዛ ለመጣ ልብስ ሰፊ ሁሉ ድምፅ በአያያዝ ነው እያልኩ ማስተማር ያዝኩ። ለወልዴም «ያው ነኝ፣ አንዲት ዜማ አልጎደለችም» አልኩት። ወልዴ ፈገግ ብሎ ብርድ ልብሱን ማጠፉን ቀጠለ።

አንድ ቀን ሚስቴ ብርቄ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ቴፑን ከፍቼ አብሬ ዘፈንኩላት። ዘፈኑ ሲያልቅ ካሴቱ ላይ አንድ ሰው ከት ብሎ ይስቃል፤ ወፍራም፣ የሽማግሌ ሳቅ።

«ይሄን ሰውዬ ማስታወስ አቃተኝ» አልኳት።

ብርቄ ሳህኑን አስቀመጠች። እንደገና አጫውተው አለችኝ፤ አጫወትኩት።

«የምን ሰውዬ? አልማዝ ናት እኮ።»

«አልማዝ እንዲህ ትስቃለች?»

«አትስቅም። ቴፑ ይጎትታል።»

እኛ በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ቴፕ ያደግን ነን። ድንጋዩ ሲደክም ዘፋኙ እንቅልፍ እንደጣለው ሰው ይጎተታል፣ ቀጭኑ ድምፅ ይወፍራል፤ ድንጋዩን አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን፣ በጥርሳችን ነከስ ነከስ እናደርገዋለን። የሚጎትት ቴፕ በሩቁ የሚያውቅ ጆሮ ነበረኝ። የገዛ ድምፄ ሲመጣ ግን ጆሮዬ ጉቦ በላ።

ሶማሌ ተራ ጥግ ላይ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው ከድር ቴፑን ከፈተና አንዲት ቀጭን ጥቁር ላስቲክ በወረንጦ አወጣ።

«ላልታለች ጋሼ። ስታረጅ ትለጠጣለች፤ ያኔ ካሴቱን የሚያዞረው ይደክማል» ብሎ አዲስ ገጠመበት።

ካሴቱን ሲያጫውተው አንድ ጎረምሳ ዘሎ ወጣ። ልክ እንደሚያባርሩት ይሮጣል፣ ቀጭን ነው፣ ሽቅብ ነው፣ ማንንም አይጠብቅም። ቀስ ብዬ አብሬው ሞከርኩ። አዝማቹ ጋ ስንደርስ እሱ ወጣ፣ እኔ ተሰብሬ ቀረሁ። ከድር ጨዋ ነው፤ እጁ ላይ የነበረውን ጠመንጃ መፍቻ መፈለግ ጀመረ። ዘፈኑም አለቀ፣ አልማዝም ሳቀች። ራሷ አልማዝ፣ ያቺ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና የምትስቀው ሙሽራ። የራሴን ሐዘን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

ቴፑን ከነካሴቱ ለሰላም ወሰድኩላት። ሰርጉ ላይ ካሴቱ ይጫወት፣ የእኔ ድምፅ ወርዷል አልኳት። ዘፈኑን ከፈትኩላት። ሳቁ ጋ ስትደርስ እጇ ቴፑ ላይ ቀረ፤ መልሳ መልሳ አጫወተችው፣ አለቀሰችም ሳቀችም።

«ይሄን ቤቴ ይዤው እገባለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሰርጌ ላይ ግን እርስዎ ነዎት፤ የወረደውን ይዝፈኑልኝ።»

እንግዲህ ድንኳን ውስጥ አስቡኝ። የሚጮኸው ማጫወቻ ጠፋ፣ ማይክ ተሰጠኝ፣ ሰው ሁሉ ዞረ። ሰላም ታየኛለች። ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ከታች መጀመር። ድምፄ ካለበት፣ ከደረቴ ጀመርኩ። አፈርኩ፣ ግን ቀጠልኩ። አዝማቹን አንዴ አልኩት፤ ቀጥሎ ስመጣበት ከጎኔ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ወልዴ ነው። ከዚያ አግዳሚው ላይ የተደረደሩት እናቶች ገቡ፣ ከዚያ ብርቄ፣ ከዚያ በር ላይ የመጠጥ ሳጥን ሲያወርዱ የነበሩት ወዛደሮች። ድንኳኑ በሞላ ያዘው። ዜማው የራሴ ነው፤ ሰው ሲዘፍነው ግን በዕድሜዬ ሰምቼው አላውቅም። ካሴቱ ላይ ከእኔ በቀር የሚዘፍን የለም። ያኔ ያጨበጨበልኝ ብዙ ነው፣ አብሮኝ የዘፈነ ግን አልነበረም።

ጨርሰን ስንቀመጥ ወልዴ ዓይኑን እየጠረገ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«በእኔ ሰርግ መጨረሻው አዝማች ላይ አብሬህ ልል አፌን ከፈትኩ፤ አልደርስብህ ስል ዘጋሁት። አልማዝ የሳቀችብኝ ያኔ ነው» አለኝ። ቀጥሎም «ወደ እኛ እስክትወርድ ስጠብቅህ ኖርኩ» አለኝ።

ተመስገን ነው የምለው። የላላችውን ላስቲክ ከድር ሊጥላት ሲል ተቀብዬ ከቁልፎቼ መሀል አስቀምጫታለሁ፤ ዋጋዋን የሚጠይቅ ደንበኛ አለ፣ አትሸጥም እላለሁ። «ፋዘር፣ መንገድ!» ሲሉኝም አሁን አልከፋም። ያንኑ ዜማ ከታች እያንጎራጎርኩ ወደ ግድግዳው ጠጋ እላለሁ። ሰሞኑን አንዱ ወዛደር ቦንዳ ተሸክሞ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ከነሸክሙ፣ አዝማቹን ተቀበለኝ።