የአናጢው አልጋና የልብስ ሰፊዋ ቅባት

(የልብስ መስፊያ ክፍል፣ ከሰዓት በኋላ። ልብስ ሰፊዋ ኮሌታ በመርፌ ትሰፋለች። አናጢው ባሏ መዶሻ ይዞ ደፍ ላይ ቆሟል። እሷ ፍራሿን እዚህ ካነጠፈች አራት ወሯ ነው፤ እሱ መኝታ ቤት አልጋው ላይ ብቻውን ያድራል።)

አናጢው፦ ጨረስኩት እኮ! አሁን ዝሆን ቢተኛበት ሲጢጥ አይልም።

ልብስ ሰፊዋ፦ እሰይ! እንግዲያው ዝሆን ፈልግና አስተኛበት።

አናጢው፦ ለአራተኛ ጊዜ ነው የጠገንኩት። ጎረቤት ይሰማል ብለሽ አይደል የሸሸሽኝ?

ልብስ ሰፊዋ፦ መች ስለ አልጋ አወራሁ? ያመኛል ነው ያልኩህ።

አናጢው፦ የአልጋው ርብራብ ነዋ! ወገብሽን ሲቆረቁርሽ። እሱንም ቀይሬዋለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፦ ሰላሳ ዓመት አብሮኝ ኖሮ ሕመሜ ርብራብ መሰለው! አንተ ሰውዬ፣ አርጫለሁ። ሴት ስታርጥ ገላዋ ይደርቃል። የሚደርቀው ደግሞ... (ተነሥታ መስኮቱን ዘግታ ወደ ስፌቷ ተመለሰች) እዚያ ነው።

አናጢው፦ እዚያ የት?

ልብስ ሰፊዋ፦ ጎረቤት ቤት! የት ይሆናል?

አናጢው፦ (መዶሻውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ) እ... እዚያ። እኔ እኮ የጠላሽኝ መስሎኝ...

(መርፌው ቆመ። ይህንን አልጠበቀችም።)

ልብስ ሰፊዋ፦ ብጠላህማ ይሄን የሱሪህን ጉልበት ማን ይጥፍልህ ነበር? ከወር በፊት ጤና ጣቢያ ሄጄ የሚቀባ መድኃኒት ያመጣሁት ለማን ብዬ ነው? እንዲያውም ጠዋት ፈልጌ አጣሁት። መሳቢያው ውስጥ ነበር።

አናጢው፦ የጥርስ ሳሙና የሚመስል ነጭ ነገር?

ልብስ ሰፊዋ፦ አዎ! የት አየኸው?

አናጢው፦ አልጋው መጋጠሚያ ላይ ጨረስኩታ። እጁ ይባረክ የሠራው፣ ግሩም ቅባት ነው።

ልብስ ሰፊዋ፦ መድኃኒቴን ለእንጨት! ዕድሜ ልክህን ስትልግ አንጎልህንም አብረህ ላግኸው እንዴ?

አናጢው፦ ምን ላድርግ፣ አልነገርሽኝ! ለመሆኑ ወር ሙሉ ተቀብተሽው ለውጥ አለው?

ልብስ ሰፊዋ፦ ኧረ እንዴት ያለ! ይኸው እየው፣ ጉልበቴ የሕፃን ጉንጭ መስሏል።

አናጢው፦ ጉልበትሽ?

ልብስ ሰፊዋ፦ ጠዋት ማታ ነው የምቀባው።

አናጢው፦ ነርሷ ጉልበትሽን ቀቢ አለችሽ?

ልብስ ሰፊዋ፦ (ድምጿ ወረደ) ገና «የምትቀቢው» ብላ ስትጀምር አፈርኩና «አውቃለሁ፣ አውቃለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከጉልበት ሽቅብ ይደርሳል ብዬ...

አናጢው፦ (መዶሻውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ) የኔ እመቤት፣ እንግዲህ አትቆጪኝ። እኔ አልጋው ላይ፣ አንቺ ጉልበትሽ ላይ። ለቦታው የቀረብኩት እኔ ነኝ!

(ሳቋን በኮሌታው ልታፍን ሞከረች፤ አልሆነላትም።)

ልብስ ሰፊዋ፦ ነገ አብረኸኝ ትሄዳለህ። አንተ ትጠይቃታለህ።

አናጢው፦ መጠየቁን እንኳ አልችልበትም። «አውቃለሁ» ብለሽ እንዳትወጪ ግን በሩን እይዛለሁ።

ልብስ ሰፊዋ፦ በል ፍራሹን ጠቅልልልኝ። ዛሬ ግን እንቅልፍ ብቻ ነው!

አናጢው፦ ይሁን። መድኃኒቱን የወሰደው አልጋው ነው፤ የሚሻለውም እሱ ነው።