«ይድረቅ» ሲሉት «ይብረቅ» ባዩ

ሥራው ሳይደርቅ ይብረቅልኝ፣ ያብረቅርቅልኝ የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔን ገጥሞኛል፤ ያውም የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሆኖ!

ዘመኑ የ«ጓድ» ዘመን ነበር። መካኒሳ ውስጥ ጎረቤቴ አቶ ገረመው ወይራ በቶርኖ መኪና እያሾረ እየቀረጸ እስክሪብቶ ይሠራል። በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ቫርኒሹን ስስ አድርጎ ይቀባል፤ ሲደርቅ ፍቆ ደግሞ ይቀባል። ብራና ስፍቅ ያደግሁ ሰው ነኝና ትዕግሥቱን እወድለት ነበር።

ሊቀ መንበሩ ለአንድ እንግዳ ሹም የሚበረከት እስክሪብቶ አዘዘና በማግስቱ መጣ።

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ሦስት ቀን ይድረቅ» አለው ገረመው።

«ይብረቅ ነው ያልኩህ! አብዮቱ አንተን ይጠብቃል?»

«ልጄ፣ አብዮቱ ባይጠብቅም ቫርኒሹ ያስጠብቃል» አልሁት እኔ ሊቀ መንበሩን። ማን ሰምቶኝ! እርጥቡን ይዞ ሄደ።

ለእንግዳው ሹም በተጠራው የቀበሌ ስብሰባ ላይ እንግዳው ስጦታውን በግራ እጃቸው እንደ ጨበጡ መፈክር ተጀመረ፤ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። መፈክሩ አልቆ ጣታቸውን ቢዘረጉ እስክሪብቶው መዳፋቸው ላይ ተጣብቆ ቀረ! ሁለት ጓዶች ጎተቱ፤ ሦስተኛው ነጭ ጋዝ ፍለጋ ሮጠ።

የቸኮለው ተጠየቀ ትላላችሁ? ምን በወጣው! ገረመው «አሻጥረኛ» ተባለና አምስት ልጆች የሚያሳድግበት የሥራ ቤት ለአንድ ሳምንት ታሸገ።

ሲከፈት ግን ውስጥ የቀሩት እስክሪብቶዎች አቧራ ሳይነካቸው፣ እጅም ሳይደርስባቸው ደርቀው እንደ መስተዋት ያበሩ ነበር። ሊቀ መንበሩ አንዱን አነሣ፤ ፊቱን አየበት፤ ወደ እኛም ዞሮ፣

«አያችሁ» አለ፣ «እርምጃ ሲወሰድ!»