ያስነጠሰው ብርድ ልብስ

ትናንት ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳልኩ ቤቶች ሰው ሲለኩ አለምኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደንብ አስከባሪዎች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ለልጃችን ለረድኤት ጓሮ ውስጥ ያለ ፈቃድ አንዲት ክፍል ሠርተንላታል። ከጠዋት ጀምሮ የክፍሏን መፍረስ፣ የባሌን መታሰር፣ የልጄን በረንዳ ላይ ማደር ሳስብ ዋልኩ። ክፍሏ እንዳትታይ ብርድ ልብስ አጥቤ ከፊቷ አሰጣሁ። ያልሰጋሁት ስለ ትልቁ ቤት ብቻ ነው፤ እሱ ከአያቴ ዘመን ጀምሮ ፈቃድ አለው።

በሕልሜ ቤቶቹ ጎዳናውን ሞልተው ይሄዳሉ። እኛ ሰዎቹ በየግቢያችን እንደ ምሰሶ ተተክለናል። ቤቶቹ ሜትር ይዘው እየዞሩ ያንኳኳሉ፤ የሚያንኳኩት ግንባራችንን ነው። ረድኤትን ከኋላዬ አድርጌ ብርድ ልብሱን ጣል አደረግሁባት።

ሦስት ቤቶች ፊቴ ቆሙ፤ ሽማግሌ ጭቃ ቤት፣ ሆዱ የገፋ ቪላና ገና ወጣት የሆነ የመስተዋት ፎቅ።

«ይቺ ሴትዮ በፈቃድ ነው የቆመችው?» አለ ፎቁ።

«ተዋት ልጄ» አለ ጭቃ ቤቱ እየሳለ፤ አቧራ አለበሰኝ። «በእኔ ጊዜ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ሰው ውኃ ካለበት ይቆማል፣ ዘመዱ አጠገቡ ይቆማል፣ መንገዱ በተረፈው ያልፋል። ሰፈሩ እንደ በግ አንጀት የተጠማዘዘው ለዚህ እኮ ነው።»

«ከዚያ እኛ መጣን» አለ ቪላው ሆዱን እያሻሸ። «ለአንድ ሰው አንድ ልጅ፣ ትርፉ ይወረስ አልን። የቀረውም ሳያስፈቅድ የወለቀ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ እንዳይተክል ከለከልን። ሰፈሩ በሙሉ አንድ ላይ አረጀ። እንዴት ያምር ነበር!»

«ጌቶቼ፣ እኔ ያለችኝ አንድ…» ብዬ ምላሴን ነከስኩ። «ማለቴ፣ ምንም የለኝም።»

ብርድ ልብሱ አስነጠሰ።

«ይማርሽ» አለ ጭቃ ቤቱ።

ፎቁ ሲስቅ መስኮቶቹ ሁሉ ብርግድ አሉ። «ያለፈውን ተዉት። አሁን መንገድ ዳር የሚቆም ሰው ባለ አራት ፎቅ መሆን አለበት።»

ባሌ ሸዋንግዛው ወዲያው አጎነበሰ። «ዘርፌ፣ ትከሻዬ ላይ ውጪ!»

«ወገብህንስ? ወድቀን እንሰበራለን!»

«ፎቅ ደግሞ ይናገራል እንዴ? ውጪ!»

ወጣሁ።

«ባለ አንድ» አለ ፎቁ ቀና ብሎ። «ሦስት ይጎድላል። ያቺ ያስነጠሰችው ከማን ላይ ነው የምትደመረው?» ብሎ እጁን ወደ ብርድ ልብሱ ሰደደ።

«ልጄን አታፍርሱብኝ!» ብዬ ጮኽኩ።

ስነቃ ሸዋንግዛው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

«መጡ?»

«መጥተው ሄዱ።»

«ብርድ ልብሱን ገለጡት?»

«ገለጡት።»

«ወይኔ ልጄ! ክፍሏን አፈረሷት በለኛ!»

«ኧረ ምንም አልሆነች። ከሚሰፋው መንገድ ርቃ ነው የተሠራችው፤ ቅጣቱን ከፍላችሁ ፈቃድ አውጡላት ነው ያሉት።»

«ተመስገን! ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ዝም ይላል?» ብዬ ከአልጋው ዘልዬ ወረድኩ። እሱ ግን አልሳቀም። የጣቶቹ ጫፍ ቀይ ቀለም ነክቷቸዋል።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የኤክስ ምልክት ነው፤ ግድግዳችን ላይ ነው ያደረጉት። ደርቆ እንደሆነ ብዬ ነካሁት» አለ። «መንገድ ላይ የወጣው ትልቁ ቤት ነው፣ ዘርፌ። በይ ብርድ ልብሱን አስገቢው፤ ረድኤት ታስጠጋን እንደሆነ እንጠይቃት።»